«አልጠጣም» ላለ ሰው «በሞቴ» አንበለው



ጥር እየደረሰ ነው። ጥምቀቱ አለ፣ ሰርጉ አለ፣ መልሱና ቅልቅሉ አለ። በኛ በአዊ ደግሞ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል አለ። በዚህ ወር ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ድንኳን የማይተከልበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ድንኳን ካለ ደግሞ ጠላው፣ አረቄው፣ ቢራው አለ።

ስለዚህ ዛሬ ስለ መጠጥ ልጽፍ ነው። ግን «አትጠጡ» ብዬ ልመክር አይደለም። እሱን ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ላይክ አድርጋችሁ ወደ ድራፍታችሁ ተመልሳችኋል። የዛሬው ጽሑፍ ለሚጠጣው ሰው አይደለም፣ ለማይጠጣውም አይደለም። ከማይጠጣው ሰው ጎን ለምንቀመጠው ለኛ ነው።

እኔ እንደማየው አልኮል ያቆመን ሰው መልሶ የሚጥለው የመጠጡ አምሮት ብቻ አይደለም። የኛ ጥያቄ ነው። «ምነው? ምን ሆንክ?» የምትለው ጥያቄ። ከዚያ «በሞቴ!» ትከተላለች። ከዚያ «ከንፈርህን እንኳ አርጥብ እንጂ!»

ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? እስቲ ምን እንደምታደርግ ልንገራችሁ።

ጥያቄዋ የምታደርሰው ጉዳት

አንድ ወጣት የቲቢ መድኃኒት ጀምሯል። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል። ከመድኃኒቶቹ ውስጥ ጉበት ላይ ጫና የሚያሳድሩ ስላሉ አልኮል ሲጨመር የጉበት ጉዳት ሊከተል ይችላል። ልጁ ይህን በደንብ ያውቃል። ግን የወንድሙ ሰርግ ደርሷል፣ እሱ ደግሞ ሚዜ ነው። «ዶክተር፣ ሳልጠጣ ብቀር መድኃኒት ጀምሯል ብለው ያወሩብኛል። ለአንድ ሳምንት መድኃኒቱን ባቆመውስ?» አለኝ። እሱ እንኳን መጥቶ ጠየቀኝ። ሳይጠይቅ የሚያቆመው ስንቱ ነው? የቲቢ መድኃኒት ማቆራረጥ ደግሞ በሽታው መድኃኒቱን እንዲለምድ መንገድ ይከፍታል። ያኔ ሕክምናው ይረዝማል፣ ይከብዳል፣ በሽታውም ለቤተሰብ ይተርፋል።

አንዲት እህት ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ገና ሁለት ወሯ ስለሆነ ከባሏ በቀር ለማንም አልተናገረችም። ክርስትና ተጠርታ ሄዳ ጠላውን ገፋ ስታደርገው ዙሪያዋን የተቀመጡት ይተያያሉ፣ ይጠቃቀሳሉ። ወይ መናገር አለባት፣ ወይ መጠጣት አለባት፣ ወይ መዋሸት አለባት። በእርግዝና ጊዜ ደህና ነው የሚባል የአልኮል መጠን የለም። አልኮሉ በእትብቱ በኩል ወደ ጽንሱ ይደርሳል፤ ጽንሱ ደግሞ እንደ እናቱ አልኮል የሚያጣራ የደረሰ ጉበት የለውም።

ሦስተኛው ሰው ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ይጠጣ የነበረ ጎልማሳ ነው። አምስት ወር አቁሞ ነበር። ፊቱ ተመልሷል፣ ደሞዙ ቤት መግባት ጀምሯል፣ ልጆቹም መሸሽ ትተዋል። ከዚያ አንድ ልቅሶ ቤት አደረ። ሌሊቱ ብርድ ነበር። «አንድ መለኪያ ምንም አያረግህም፣ ለብርዱ ነው» ተባለ። ያዘነለት ሰው ነው የሰጠው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ባለቤቱ ወደኔ ይዛው ስትመጣ ግን ከዚያች መለኪያ ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር። ሦስቱንም ሳምንት ጠጥቷል።

የሦስቱ ሰዎች ምክንያት የተለያየ ነው። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ግን አለ፤ አንዳቸውም ምክንያታቸውን ለኛ የመንገር ግዴታ አልነበረባቸውም።

አክብሮቱን እናውቅበታለን

«ባህላችን ነው፣ እንግዳን ሳይግደረደሩ ማብላትና ማጠጣት ክብር ነው» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ትክክል ናችሁ። እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። «አፈር ስሆን» እየተባልኩ ነው ያደግሁት።

ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ሙስሊም ጎረቤታችን ሰርጋችን ላይ ሲመጣ ምን እናደርጋለን? ለስላሳ እናቀርባለን። «ለምን አትጠጣም?» አንለውም። «በሞቴ አንድ ብርሌ!» ብንለው እኛው እናፍራለን። ለፕሮቴስታንቱም እንዲሁ። ኦርቶዶክሱ ራሱ «ሱባኤ ላይ ነኝ» ወይ «ጸበል ጀምሬያለሁ» ሲል ወዲያው «ይቅርታ፣ በል እግዚአብሔር ይማርህ» ብለን እንተወዋለን።

ስለዚህ የማይጠጣን ሰው ማክበር ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም። እናውቅበታለን። ለሃይማኖት ስንሰጠው የኖርነውን አክብሮት ለጤናም እንስጠው ነው የምለው። እንዲያውም ልጨምር፦ ምንም ምክንያት ለሌለውም እንስጠው። «አልጠጣም» ብቻውን ሙሉ መልስ ነው።

ይህ ባለመሆኑ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ? ሰዎች ይዋሻሉ። «ጸበል ላይ ነኝ» የሚሉኝን ታካሚዎች ስጠይቃቸው «ዶክተር፣ እንዲህ ካላልኩማ አይለቁኝም» ይሉኛል። የስኳር ሕመምተኛ የስኳር ሕመሙን ደብቆ ጸበል ላይ ነኝ እያለ የሚኖርበት ማኅበራዊ ኑሮ ላይ አንድ የጎደለ ነገር አለ።

ለመሆኑ ሳይንሱ ምን ይላል?

በአጭሩ ላስቀምጠው። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ለጤና ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ደግሞ አልኮልን ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የምግብ ቧንቧ፣ የጉበት፣ የትልቁ አንጀትና የጡት ካንሰር ከአልኮል ጋር ተያይዘዋል።

«እኔ ቢራ ብቻ ነው የምጠጣው፣ አረቄ አልነካም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። 330 ሚሊ ሊትር የሆነና 5 በመቶ አልኮል ያለበት አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል አለው። 45 በመቶ የሚደርስ ዳግም አረቄ በ40 ሚሊ ሊትር መለኪያ 14 ግራም ያህል ይሆናል። ማለትም አንድ ቢራና አንድ መለኪያ ዳግም አረቄ በአልኮላቸው እኩያሞች ናቸው። ጉበት ጠርሙሱን አያይም፣ ግራሙን ነው የሚቆጥረው። የቤት አረቄ፣ ጠላና ጠጅ ደግሞ ከቤት ቤት ጥንካሬያቸው ስለሚለያይ ስንት እንደጠጣን እንኳ በትክክል ማወቅ አንችልም።

«የእንጅባራን ብርድ ያለ አረቄ ማን ይችለዋል?» ለሚሉም መልስ አለኝ። አረቄ ሲጠጣ የሚሰማን ሙቀት እውነት ነው፣ ግን ያታልላል። አልኮል በቆዳችን ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋቸዋል። ከውስጥ ያለው ሙቅ ደም ወደ ቆዳ ይመጣል፤ እኛ ሞቀን እንላለን። ሙቀቱ ግን በቆዳችን በኩል ወደ ውጭ እየወጣ ነው። ውስጣችን ይቀዘቅዛል። ሰክሮ ውጭ ያደረ ሰው በብርድ ለሞት የሚጋለጠው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ለብርድ ጋቢ፣ ትኩስ ሾርባና ሻይ ይሻላሉ።

አሁን ደግሞ ደስ የሚል ነገር። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የስቴፕስ ጥናት፣ ባለፉት 30 ቀናት አልኮል ጠጥተናል ያሉት አዋቂዎች ከ10 ሰው 4 ያህሉ ናቸው። እንደየአካባቢው ይለያያል፤ በአገር ደረጃ ግን አብዛኛው ሰው በዚያ ወር አልጠጣም ማለት ነው። «ሁሉም ይጠጣል» የምንለው ነገር እውነት አይደለም። የማይጠጣው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለሚቀመጥ ብቻ ነው ያልታየን።

መድኃኒት የምትወስዱ፣ ይህን አስተውሉ

1. ሜትሮኒዳዞልና ቲኒዳዞል፦ ለአሜባ፣ ለጃርዲያ፣ ለጨጓራ ባክቴሪያም ይታዘዛሉ። እየወሰዳችሁ ሳለና ከጨረሳችሁ በኋላም እስከ ሦስት ቀን አልኮል አትጠጡ። ኃይለኛ ማስታወክ፣ የልብ ምት መፍጠንና ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል።

2. የስኳር መድኃኒት፦ ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የሚወስድ ሰው በተለይ ባዶ ሆዱን ከጠጣ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ምልክቱ ደግሞ ስካር ይመስላል፦ መንተባተብ፣ መንገዳገድ፣ ላብ። አፉ አልኮል ስለሚሸት «ሰክሯል፣ ተዉት ይተኛ» ይባላል። ይህ ሕይወት ያሳጣል። የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ ስኳሩን ለኩት፤ መለካት ካልቻላችሁና ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ነገር ስጡት። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ በፍጥነት ወደ ሕክምና ውሰዱት።

3. የቲቢና የኤች አይ ቪ መድኃኒት፦ አልኮሉን ተዉ። ግን አንድ ቀን ብትጠጡ «ዛሬ ስለጠጣሁ መድኃኒቱን ልዝለል» እንዳትሉ! መድኃኒቱን በሰዓቱ ውሰዱ፤ መጠጣታችሁን ደግሞ ለሐኪማችሁ ንገሩ። እኛ አንቆጣም። ብንቆጣም ንገሩን።

4. የደም ግፊት፦ አልኮል ራሱ ግፊት ይጨምራል። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ከሚሉት አንዳንዶቹ ቅዳሜና እሑድን ስንጠይቅ ምክንያቱ ይገኛል።

በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው፦ በድንገት ብቻህን አታቁም

ይህ ክፍል እንዳያመልጣችሁ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም አንጎሉ ሊናወጥ ይችላል። ካቆመ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠት፣ ትኩሳት ሊከተል ይችላል። ይህ በጊዜ ካልታከመ ይገድላል። ብዙ ቤተሰብ «ሰይጣን ነው» ብሎ ይዞት ይዞራል። ጸበሉንም ሆነ ዱዓውን አልከለክልም፣ ግን መጀመሪያ ወደ ጤና ተቋም አምጡት። በመድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 በሰላም እናሳልፈዋለን።

«እኔ እዚህ ደረጃ ደርሻለሁ ወይ?» ብሎ ለሚጠራጠር አራት ጥያቄዎች አሉ። መጠጥ መቀነስ አለብኝ ብለህ አስበህ ታውቃለህ? ሰው ስለ መጠጥህ ሲናገርህ ትበሳጫለህ? ስለ መጠጥህ ጸጸት ተሰምቶህ ያውቃል? ጠዋት እንደተነሣህ እጅህን ለማረጋጋት ወይ ሀንጎቨር ለማብረድ ጠጥተህ ታውቃለህ? ከአራቱ ሁለቱን «አዎ» ካልክ መጥተህ አነጋግረን። አንተን ወንጀለኛ የሚያደርግ ጥያቄ አይደለም።

ለተዋችሁትና ልትተዉ ላሰባችሁ

መጠጥ መተው ማለት ሰው መተው አይደለም። ብዙዎች እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። ያቆማሉ፣ ከዚያ ከሰርጉም፣ ከማኅበሩም፣ ከጓደኛም ይርቃሉ። ብቸኝነቱ ይከብዳቸውና ይመለሳሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግሮሰሪና አረቄ ቤት መራቅ ተገቢ ነው። ሰው ግን አትራቁ። ጓደኞቻችሁን ቡና ቤት አግኟቸው። ቅዳሜ ማታ የነበረውን ቀጠሮ እሑድ ጠዋት አድርጉት፤ ዘንገና ሐይቅ ድረስ ሄዶ በእግር ዞሮ መመለስ ወጪው ከሁለት ድራፍት አይበልጥም። ኳስ የምትወዱ ኳስ፣ ፈረስ ያላችሁ ደግሞ ፈረስ።

ሰርግ ላይ ባዶ እጃችሁን አትቀመጡ። ባዶ ብርጭቆ ጥያቄ ይጠራል። ውሃም ሆነ ለስላሳ ይዛችሁ ተቀመጡ። መልሳችሁን አጭር አድርጉ፦ «አመሰግናለሁ፣ አልጠጣም። ቡና ካለ ግን አልጠላም።» ከዚያ ወሬ ቀይሩ። ማብራሪያ ባበዛችሁ ቁጥር ክርክሩ ይበዛል። ከመግባታችሁ በፊት ምግብ ብሉ። አንድ የሚያውቅላችሁ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሚስት ወይ ጓደኛ፣ ከጎናችሁ ይኑር። «በቃ ተዉት» የሚል አንድ ሰው ከአሥር ምክር ይበልጣል።

መጠጡን በሌላ ነገር እንዳትተኩት ደግሞ ተጠንቀቁ። አረቄውን ትቶ ጫት የጀመረ፣ ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» ብሎ ወደ መጠጡ የተመለሰ ብዙ ነው። የማልት መጠጥና ለስላሳም አልኮል ባይኖራቸውም ስኳር አላቸው፤ በቀን አራት ጠርሙስ ልክ አይሆንም።

እንቅልፍ ያስቸግራችኋል፣ አትደንግጡ። አልኮል ቶሎ ያስተኛል እንጂ የሌሊቱን ሁለተኛ ክፍል ይሰባብረዋል። ካቆማችሁ በኋላ እንቅልፍ እስኪስተካከል ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ቡና ቀንሱ፣ ቀን ላይ ተንቀሳቀሱ። ግፊትና ጉበት ላይ የተከማቸ ስብም በሳምንታት ውስጥ መሻሻል ሊያሳዩ ይችላሉ። አንድ ቀን ብትሳሳቱ ደግሞ «በቃ አለቀ» አትበሉ። በማግስቱ ካቆማችሁበት ቀጥሉ።

ለደጋሾች

ድግስ ስታሰናዱ ለማይጠጣው ሰው ያላችሁን ነገር ጥግ ላይ አትደብቁት። ከጠላው ጎን እኩል አቅርቡት። ብርዝ አለ፤ በማራችን የምንኮራ አይደለን እንዴ? ትኩሱን አቅርቡት፣ ካደረ ወደ ጠጅነት ይሄዳል። የተልባና የሱፍ መጠጥ አለ። ሻይ አለ፣ ቡና አለ። አስተናጋጁም «ምን ላቅርብልህ?» ይበል እንጂ ዝም ብሎ አይቅዳ።

ለልጆች ጠላ «ቅመስ» ማለትም ይቅር። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፣ የአልኮል ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ማስታወቂያው ከቴሌቪዥን ቢወጣም በኛ አፍ ግን ቀጥሏል። «በሞቴ፣ አንድ ብቻ» ከየትኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል፤ የሚለው የምንወደው ሰው ነውና።

አረቄ አውጥታ፣ ጠላ ሸጣ ልጆቿን ያስተማረች እናት ይህን ጽሑፍ ብታነበው እንድትቀየመኝ አልፈልግም። በብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ክፍያ ውስጥ የእነዚህ እናቶች ጭስ አለበት። ጥያቄዬ ለሷ አይደለም። ከጠረጴዛው ዙሪያ ለተቀመጥነው ነው፤ ለመግዛት የፈለገ ይግዛ፣ ለመጠጣት ያልፈለገን ግን አናስገድድ።

የምትጠጡ ሰዎችም በዚህ ጽሑፍ አልተወገዛችሁም። ብትቀንሱ ደስ ይለኛል፣ ብትተዉ ደግሞ የበለጠ። ዛሬ የምለምናችሁ ግን ከዚያ የቀለለ ነገር ነው። በዚህ ጥር ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰው ብርጭቆውን ሲገፋ አትጠይቁት። ሌላው ሲጠይቀውም «ተዉት፣ የሱ ጉዳይ ነው» በሉለት። ምናልባት ስድስት ወር መድኃኒት ሊጨርስ ሁለት ወር ቀርቶት ይሆናል። ምናልባት ገና ያልተነገረ ልጅ አለ። ምናልባትም በቃ አይወድም።

መልካም የጥምቀትና የሰርግ ወር። ለፈረሰኞቻችንም ሰላማዊ በዓል።

ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስማችሁ አይወጣም። በቤታችሁ በየቀኑ የሚጠጣና ማቆም የሚፈልግ ሰው ካለ ግን መልእክት አትጠብቁ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ። ለሚዜዎችና ለደጋሾች ሼር አድርጉላቸው።